ምንም ሳይበላሽ የተፈጠረ ክፍተት፦ የተሽከርካሪ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንዴት ይፈተሻል?



የዛሬውን ገለጻ በፍሬን እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 የቶዮታ ኩባንያ ፕሪየስንና ሌሎች ሃይብሪድ ሞዴሎቹን፣ በዓለም ዙሪያ 437,000 ያህል መኪኖችን፣ ለማስተካከያ መልሶ ጠራ። ማስተካከያው የኤቢኤስን፣ ማለትም ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን ሥርዓት፣ ሶፍትዌር ማደስ ነበር።

ሃይብሪድ መኪና የሚቆመው በሁለት ኃይል ነው። አሽከርካሪው ፔዳሉን ቀስ አድርጎ ሲረግጥ የኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባትሪውንም ይሞላል። የጎደለውን በዘይት ግፊት የሚሠራው የተለመደው ፍሬን ያሟላል። ድርሻቸውን የሚደለድለው ሶፍትዌር ነው። አሁን አንዱ ጎማ በረዶ ወይም ጎድጓዳ ስፍራ ላይ ተንሸራተተ እንበል። ኤቢኤስ ሥራ ይጀምራል፤ የሞተሩ ድርሻ ይነሣና ሸክሙ ሁሉ ወደ ዘይቱ ይዛወራል። በዚህ ርክክብ መካከል፣ እግሩን ከፔዳሉ ያላነሣው አሽከርካሪ ፍሬኑ ለቅጽበት የላላበት ይመስለዋል። ጠበቅ አድርጎ ቢረግጥ መኪናው ይቆማል፤ ነገር ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ሰባት ሜትር ያህል እንደሚጓዝ አስቡ።

ልብ በሉ፤ የተሰበረ ዕቃ የለም። ሞተሩም፣ ዘይቱም፣ ኤቢኤሱም እንደታዘዙት ሠርተዋል። ክፍተቱ ያለው በመካከላቸው ነው።

እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ሲሠራ መኪናውም መቆጣጠሪያውም አስቀድመው በኮምፒውተር ሞዴል ይቀረጻሉ፤ ከሞዴሉ የወጣው ኮድም ከሞዴሉ ጋር ይነጻጸራል። ይህ ብዙ አያቆየንም። ይበልጥ የሚያስደንቀው ቀጣዩ ደረጃ ነው፤ እውነተኛው የመቆጣጠሪያ ሣጥን ከሐሰተኛ መኪና ጋር ይገናኛል። ሣጥኑ የጎማ ፍጥነት ምልክት ይደርሰዋል፣ ለቫልቮች ትእዛዝ ይልካል፤ በሌላው ጫፍ ያለ ኮምፒውተር መኪናው ምን ሊሆን እንደሚችል በየሚሊ ሰከንዱ ያሰላል። እዚህ የዳሳሽ ሽቦ መቁረጥ፣ መልእክት ማዘግየት፣ መንገድ ላይ ሰው ሊገድል የሚችልን ሁኔታ ሺህ ጊዜ መድገም ይቻላል። ማንም አይጎዳም።

ሆኖም ሐሰተኛው መኪና የሚሄድበትን መንገድ የጻፍነው እኛው ነን። መቆጣጠሪያውን ስንነድፍ ልሙጥ አስፋልት ብቻ ታይቶን ከነበረ፣ መፈተኛውም ልሙጥ አስፋልት ይሆናል፤ ፈታኙም ተፈታኙም አንድ ሰው ነው እንደማለት ነው። በከተሞቻችን የተነጠፈው ኮብልስቶን ጎማን ያለማቋረጥ ያነጥራል፤ ጎማው መሬቱን የሚጫንበት ኃይልም በቅጽበት ይለዋወጣል። ይህ በሞዴሉ ውስጥ ካልተጻፈ የፈተናው ውጤት ስለ ኮብልስቶን የሚነግረን የለም።

ሁለተኛው ችግር፣ በእኔ እይታ የከፋው፣ ከመስፈርቱ አጻጻፍ ይመጣል። «ርክክቡ ለስላሳ ይሁን» የሚል ዓረፍተ ነገር ምኞት እንጂ መስፈርት አይደለም፤ ማንም ሊፈትነው አይችልም። ፔዳሉ ባልተንቀሳቀሰበት ጊዜ የማቆም ኃይሉ ከስንት በመቶ በላይ፣ ከስንት ሚሊ ሰከንድ ለበለጠ ጊዜ መውረድ እንደሌለበት በቁጥር መጻፍ አለበት። ቁጥሩን የሚሰጠን ደግሞ ሶፍትዌሩ ሳይሆን የአሽከርካሪው እግርና ስሜት ስለሆነ፣ ሰዎችን መኪና ላይ አስቀምጦ መለካት ግድ ይላል።

የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው አይሶ 26262 ዋነኛ ትኩረቱ በኤሌክትሪክና በኤሌክትሮኒክስ ሥርዓቶች ብልሽት የሚመጣ አደጋ ነበር። ምንም ሳይበላሽ ከታሰበው አሠራር ውስንነት ለሚመጣ አደጋ የተዘጋጀው አይሶ 21448 ሙሉ ደረጃ ሆኖ የወጣው በ2022 ነው። የኋለኛው ይበልጡን የታሰበው በዳሳሽ ለሚታገዙ የአሽከርካሪ ረዳት ሥርዓቶች ቢሆንም፣ ጥያቄው ከፍሬኑ ታሪክ ጋር ይዛመዳል።

የመመረቂያ ሥራችሁን በዚህ ዘርፍ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጠይቅ። መፈተኛችሁን ከመገንባታችሁ በፊት የጎማ ፍጥነት መመዝገቢያ ይዛችሁ ኮብልስቶን ላይ ንዱ። የተመዘገበውን ምልክት ሳታለሳልሱ ለመቆጣጠሪያው ስጡት፤ ኤቢኤሱ ያለጊዜው ሥራ የጀመረበትን እያንዳንዱን ስፍራም ምልክት አድርጉበት። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።