«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት፦ የትንንሽ ድርጅቶችን ኮምፒውተርና ኔትወርክ በውል ስለ መያዝ



«ሲስተም የለም» የምትለው ቃል ከባንክ መስኮት ወጥታ ፋርማሲና የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ድረስ ከገባች ቆየች። ሂሳቡ በኮምፒውተር፣ ደረሰኙ በማሽን፣ ክፍያው በቴሌብር ሆኗል። ከእነዚህ አንዱ ሲቆም ደንበኛ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። ባንክ ለዚህ ችግር የራሱ የአይቲ ክፍል አለው። አምስት ሠራተኛ ያለው ፋርማሲ ግን የአይቲ ባለሙያ በደመወዝ ለመቅጠር አቅሙ አይፈቅድም። ስለዚህ «ኮምፒውተር የሚችል» የዘመድ ልጅ ይጠራል። ያ የዘመድ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእኛ መካከል አንዱ ነው።

ይህ ጥሪ ወደ ቋሚና ሐላል ገቢ ሊለወጥ ይችላል። የሚለወጠው ግን አሠራራችንን ስንለውጥ ነው።

ሁለት ዓይነት አሠራር

የመጀመሪያው «ሲበላሽ ጥሩኝ» የሚለው ነው። ሄደን እንጠግናለን፣ የዕለቱን ተቀብለን እንመለሳለን። ሁለተኛው የድርጅቱን ኮምፒውተሮችና ኔትወርክ በወርሃዊ ክፍያ ተረክቦ መጠበቅ ነው። በሌላው ዓለም ትንንሽ ድርጅቶች ይህን ሥራ ለውጭ ባለሙያ ሰጥተው፣ አንዱ ባለሙያ ብዙ ድርጅቶችን ይዞ ይሠራል።

ልዩነቱ ከክፍያው አከፋፈል በላይ ነው። በመጀመሪያው አሠራር እኛ ገንዘብ የምናገኘው ባለሱቁ ሥራ በፈታ ቀን ነው። ሆን ብሎ የሚያበላሽ ባይኖር እንኳ፣ የብልሽቱን ሥር ፈልጎ ለመንቀል የሚገፋፋን ነገር የለም። በወርሃዊ ውል ግን ስልካችን ሳይጮኽ ወሩ ሲያልቅ ሁለታችንም እናተርፋለን።

ወርሃዊ ውልም የራሱ ፈተና አለው። የተጠበቀ ኔትወርክና ዝም ብሎ የተተወ ኔትወርክ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ጸጥ ያሉ ናቸው። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ምን እንደተሠራ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፎ ለባለቤቱ መስጠት የሥራው አካል ሊሆን ይገባል።

ሥራው ምን ምን ነው?

አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ራውተር፣ አንድ ስዊች፣ ፕሪንተርና ካሜራ ያለው ፋርማሲ እናስብ። ሂሳቡ በፒችትሪ ይሠራል፤ ዳታው ያለው አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ሌሎቹ በኔትወርክ ይከፍቱታል።

አንደኛ፣ መመዝገብ። እያንዳንዱ ዕቃ የት እንዳለ፣ መቼ እንደተገዛ፣ የትኛው ገመድ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በአንድ ወረቀት ላይ ይሣላል፤ ገመዶቹም ላይ ምልክት ይለጠፋል። አንድ ሠራተኛ ሲያጸዳ ያገኘውን ገመድ ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ቢሰካው መረጃው ክብ እየዞረ ኔትወርኩን በሙሉ ሊያቆመው ይችላል። ምልክት ካለ ጥፋቱ በደቂቃዎች ይገኛል፤ ከሌለ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ሁለተኛ፣ መለየት። ደንበኛ የሚጠቀምበት ዋይፋይና ሂሳብ ያለበት ኮምፒውተር አንድ ኔትወርክ ላይ መሆን የለባቸውም። ብዙ ራውተሮች ለእንግዳ የሚሆን የተለየ ዋይፋይ መክፈት ይችላሉ። ከፋብሪካ የመጣው የራውተር ፓስወርድም በመጀመሪያው ቀን መቀየር አለበት።

ሦስተኛ፣ ማደስ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከማይክሮሶፍት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። መድኃኒቱ ነበረ፤ ብዙ ቦታ የጫነው ሰው አልነበረም። ዛሬም ዊንዶውስ 10 የሚጠቀም ድርጅት መደበኛው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እንዳበቃ ሊነገረው ይገባል።

አራተኛ፣ ባክአፕ። የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ የሚል ነው። ያለማቋረጥ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ የሚውል ፍላሽ ባክአፕ አይባልም፤ ኮምፒውተሩን የቆለፈ ቫይረስ ፍላሹንም ይቆልፈዋል። ባክአፑን በየሦስት ወሩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ከፍቶ ማየትም ያስፈልጋል። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ መኖሩ የሚረጋገጠው በጭንቁ ቀን ነው፤ ያ ደግሞ ረፍዷል።

አምስተኛ፣ መብራት። ዳታው ያለበት ኮምፒውተርና ራውተሩ ዩፒኤስ ያስፈልጋቸዋል። ሂሳብ እየተመዘገበ መብራት ድንገት ሲጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

ምን ቃል እንግባ?

«ኔትወርካችሁ በፍጹም አይቆምም» ማለት አይቻልም። 99 በመቶ ይሠራል ብንል እንኳ፣ 30 ቀን 720 ሰዓት ስለሆነ በወር 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይቆማል ማለት ነው። 99.9 በመቶ ካልን የተፈቀደልን 43 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ቢጠፋ ቃላችን ፈረሰ። መብራቱም የቴሌኮሙ መስመርም በእጃችን አይደሉም።

በእጃችን ያለው የምንደርስበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ ሽያጭ ከቆመ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በስልክ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ በአካል እንገኛለን፤ አንድ ፕሪንተር ከሆነ በማግሥቱ። ፈተና ላይ ስንሆንስ? ለዚህ ነው ሥራውን ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ መያዝ የሚሻለው። ስምንት ድርጅት ይዘን ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብንሰጥ 16 ሰዓት ነው፤ ይህ ለአንድ ተማሪ ከባድ ነው፣ ለሦስት ግን ይቻላል።

ቁልፉ የማን ነው?

የዚህ ሥራ ትልቁ አማና እዚህ ላይ ነው። ብዙ ድርጅት የያዘ ባለሙያ የብዙ ቤት ቁልፍ ይዟል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ወንጀለኞች «ካሴያ» የተባለው ኩባንያ ለአይቲ ድጋፍ ሰጪዎች የሸጠውን ከርቀት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ተጠቅመው፣ በነዚያ ድጋፍ ሰጪዎች በኩል እስከ 1,500 የሚደርሱ ድርጅቶችን ኮምፒውተር ቆልፈዋል። ስዊድን ውስጥ «ኩፕ» የተባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት ሂሳብ መቀበያው ስለቆመ በመቶዎች የሚቆጠሩ መደብሮቹን ዘግቶ ነበር። ኩፕን በቀጥታ የነካው አልነበረም፤ በሩ የተከፈተው በአገልጋዮቹ በኩል ነው።

እኛም ኤኒዴስክ ጭነን፣ ለሁሉም ሱቅ አንድ ፓስወርድ ካደረግን ያው ነን። ለእያንዳንዱ ድርጅት የተለያየ ፓስወርድ፣ ከርቀት ለመግባት ደግሞ ሁለተኛ ማረጋገጫ ያስፈልጋል።

ተማሪ ደግሞ ይመረቃል፤ ሌላ ከተማ ይመደባል። ፓስወርዱ በጭንቅላቱ ውስጥ አብሮት ከሄደ ባለሱቁ በገዛ ዕቃው ላይ ባዕድ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ኢሜይሉ፣ ዶሜይኑ፣ የሶፍትዌሩ ፈቃድ ሁሉ በባለቤቱ ስም ይሁን። ፓስወርዶቹ በታሸገ ፖስታ ተጽፈው «ሐጂ፣ ይህ የእርስዎ ነው፣ ካዝናዎ ውስጥ ያስቀምጡት» ተብሎ ይሰጥ።

ውሉ ሲያበቃ መግቢያችን በዚያው ቀን ይዘጋ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ መግባትንም ወንጀል አድርጎታል። የደንበኞችን ስምና መድኃኒት የያዘውን ፋይል ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይነካዋል።

በወረቀት ይስፈር

«ዘመድ ናቸው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» እንል ይሆናል። መድረሳ የቀራን ሁሉ እንደምናስታውሰው፣ በኢጃራ ሥራውም ክፍያውም የታወቀ መሆን አለበት። የፊቅህ ኪታቦች እንደ ልብስ ሰፊ ለብዙ ሰው የሚሠራውን ሙያተኛ «አጂር ሙሽተረክ» ይሉታል፤ በእጁ ሳለ ለጠፋው ዕቃ ምን ያህል እንደሚጠየቅም ዑለማዎች በስፋት ተነጋግረውበታል። የቁርኣን ረጅሙ አያ፣ አል-በቀራ 282፣ ዕዳን ስለ መጻፍ የሚናገር ነው። መጻፍ አለመተማመን እንዳልሆነ ለመረዳት ይህ ይበቃል።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የትኞቹ ዕቃዎች እንደተያዙ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይጨምር (የሠራተኞች ስልክ፣ አዲስ ካሜራ መግጠም)፣ ወርሃዊው ክፍያ፣ የምንደርስበት ጊዜ፣ ዳታ ቢጠፋ የማን ኃላፊነት እንደሆነ፣ ለመለያየት የስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚያስፈልግ። ሥራው ቋሚ ሲሆን የንግድ ፈቃድና የግብር ጉዳይንም ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በአንድ ሱቅ እንጀምር። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳንጠግን ዕቃውን ብቻ እንመዝግብ፣ ባክአፕ መኖሩን እንይ፣ ፖስታውን እናሽግ። እነዚህ ሦስቱ ከተሠሩ፣ ነገ እኛ ባንኖር እንኳ የሚተካን ወንድም ወይም እህት ወረቀቱን ይዞ ሥራውን መቀጠል ይችላል።

ወቢላሂ ተውፊቅ።