ጠባቂው አሰልጣኝ ሲሆን

ስሙኝማ! አሜሪካ ውስጥ የማረሚያ ቤት ሠራተኛ፣ አንዳንዴም ጠባቂው ራሱ፣ ታራሚዎችን ሰብስቦ አስተሳሰባቸውን እንዲመረምሩ ያስተምራል። እሱንስ ማን አስተማረው? ሌላ ሠራተኛ! ያንንስ ማን? ነገሩ ሲገባኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከታች እንጀምር። በሰፊው ከሚታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ «ቲንኪንግ ፎር ኤ ቼንጅ» ይባላል። የአገሪቱ ብሔራዊ የማረሚያ ተቋም በ1997 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው። 25 ትምህርቶች አሉት፤ በአንድ ቡድን ከ8 እስከ 12 ሰው ይቀመጣል።

ከዋና መሣሪያዎቹ አንዱ ምን መሰላችሁ? ተራ ወረቀት! ታራሚው የገጠመውን ነገር በአራት ከፍሎ ይጽፋል። መጀመሪያ የሆነውን ብቻ፦ «ስልክ ወረፋ ላይ አንዱ ቀደመኝ።» ቀጥሎ በሐሳቡ የመጣውን፦ «ንቆኝ ነው። ዝም ካልኩት ነገም ይደግመኛል።» ሦስተኛ ስሜቱን፦ ንዴት፣ እፍረት። አራተኛ ከሥር የተኛውን እምነት፦ «የተናቀ ሰው መማታት አለበት።» አያችሁ? ከወረፋው እስከ ቡጢው ያለው መንገድ ቁልጭ ብሎ ወጣ! ቡድኑን የሚመራው ሠራተኛ፣ ማለትም አመቻቹ፣ ታዲያ «ተሳስተሃል» አይልም። «ከነዚህ ሐሳቦች ችግር ውስጥ የሚከትህ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ይጠብቃል።

አሁን ጠባቂውን አስቡት። ቀኑን ሙሉ «ቁም! ግባ! ውጣ!» ሲል የሚውል ሰው ነው። እንዲጠይቅና እንዲታገሥ እንዴት ታስተምሩታላችሁ? ቁጭ አድርጎ ንግግር በማድረግ? በጭራሽ! የበራልኝ እዚህ ላይ ነው፦ አሰልጣኙ ለታራሚዎቹ የተዘጋጀውን ዘዴ በጠባቂው ላይ ይጠቀምበታል። መጀመሪያ ራሱ ሠርቶ ያሳያል። ከዚያ ሰልጣኙ ተነሥቶ አንዱን ትምህርት ለባልደረቦቹ ያስተምራል፤ እነሱ ታራሚ ሆነው ይተውኑለታል። ሲጨርስ የተሳካለትንና የከበደውን አብረው ያዩታል።

ልምድ ያካበተው አመቻች ደግሞ የአሰልጣኞች ሥልጠና ይገባል። እዚያ የሚጨመርለት ሌላው ሲያስተምር አይቶ ማረም ነው። ጀማሪው አመቻች ታራሚው ሳይናገር መልሱን ከአፉ ነጠቀው እንበል። አሰልጣኙ ምን ያደርጋል? ይጠይቃል! «ሰውየው ሊመልስ ሲል አንተ ምን አደረግህ?» ወይ ጉድ፣ ያው ዘዴ እስከ ላይ ድረስ!

እንደ እርሾ ነው፤ ከትናንቱ ቡሆ የተቀዳው የዛሬውን ያቦካል፣ ከዛሬውም ለነገ ይቀዳል። ማረሚያ ቤቱ በየጊዜው ከውጭ ባለሙያ መጥራት ሳያስፈልገው ሰው ያፈራል። ግን እርሾው ከተበላሸ የሚቀጥለው ሊጥም ይበላሻል፦ አሰልጣኙ ሰባኪ ከሆነ አመቻቹም ይሰብካል፣ ታራሚውም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰዓቱን ያሳልፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥልጠና ካጋጠማችሁ የአሰልጣኙን የንግግር ችሎታ ተዉት፤ ጥያቄዎቹን ቁጠሩለት።