የአሮጌ ናፍጣ ሞተርን ብልሽት ከምልክቱ መለየት

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። አንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ሲንገጫገጭ ወይም ሲያጨስ አይቶ የነዳጁን ፖምፓ ወዲያውኑ ለመፍታት የሚነሣ ሰው ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ይስማማዋል። ፖምፓው ውድና እጅግ በረቀቀ ልክ የተሠራ በመሆኑ፣ ያለ በቂ ምክንያት ቢፈታ ባለመኪናውን ለከባድ ወጪ ይዳርጋል። ስለዚህ ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል መካሄድ አለበት።

በመጀመሪያ የሞተሩን አሠራር እንረዳ። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ሠርቶ ያሳየው ሞተር፣ እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይቀጣጠልም። ወደ ሲሊንደሩ የገባው አየር በፒስተን ሲታመቅ እጅግ ይግላል። ፖምፓው በከፍተኛ ግፊት የሚልከውን ናፍጣ ኖዝሉ እንደ ጉም አድቅቆ ይረጨዋል፤ ናፍጣውም የጋለውን አየር ሲያገኝ ይነድዳል። እንግዲህ ናፍጣው በልኩ፣ በጊዜውና በሚገባ ደቅቆ ካልተረጨ ሞተሩ ይታወካል።

ሁለተኛው ተግባር ቀላሉን መመርመር ነው። በጋኑ ውስጥ ናፍጣ አለን? ማጣሪያው በቆሻሻ ተደፍኗልን? ውሃስ አጠራቅሟልን? በቧንቧው ውስጥ አየር ገብቶ እንደሆነም ይታያል። አየር በቀላሉ ስለሚታመቅ፣ የፖምፓው ግፊት ኖዝሉን ለመክፈት ሳይበቃ ይቀራል። በዚህ ጊዜ አየሩን ማስተንፈስ ብቻ ሞተሩን ሊያስነሣው ይችላል።

ሦስተኛው የጭሱን ቀለም ማስተዋል ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን ወይም ኖዝሉ ማንጠባጠቡን ያመለክታል፤ ሆኖም የአየር ማጣሪያ ሲደፈንም ይኸው ጭስ ይታያል። ነጭ ጭስ ብዙውን ጊዜ ሳይነድድ የወጣ ናፍጣ ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን የሞተር ዘይት መቃጠሉን ስለሚጠቁም፣ መንሥኤው ከነዳጁ መስመር ውጭ ይፈለጋል።

ሞተሩ በአንድ ሲሊንደር ብቻ የሚደክም ከመሰለ፣ መካኒኩ ሞተሩን በዝቅተኛ ፍጥነት እያሠራ የእያንዳንዱን ኖዝል ቧንቧ ማሰሪያ በየተራ በጥቂቱ ያላላል። ማሰሪያው ሲላላ ድምፁ ከተለወጠ፣ ያ ሲሊንደር ሲሠራ ነበር ማለት ነው። ድምፁ ካልተለወጠ ግን ሲሊንደሩ ቀድሞውንም አልሠራም። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ የተጠረጠረው ኖዝል ከሌላ ሲሊንደር ኖዝል ጋር ይለዋወጣል። ችግሩ ኖዝሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የኖዝሉ ነው። በቀድሞው ቦታ ከቀረ ግን የሲሊንደሩ እመቃ ይለካል፤ እመቃው ደኅና ሆኖ ከተገኘ ብቻ ወደ ፖምፓው ይታለፋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ከኖዝል የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም እጅን ሊያሳጣ ስለሚችል፣ የተጎዳው ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ባላቸው አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ግፊቱ ከ1,000 ባር ስለሚያልፍ፣ ሞተሩ እየሠራ ማሰሪያ ማላላት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

አስተውሉ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ከሆነ»፣ «ካልሆነ ግን» የሚል ሐሳብ ያላቸው ዐረፍተ ነገሮች አንዱን መንሥኤ ከሌላው እየለዩ ይሄዳሉ። እናንተም በቤታችሁ የሚገኝ አንድ መሣሪያ ሲበላሽ ምክንያቱ እንዴት እንደሚፈለግ፣ በዚሁ ሥርዓት በሦስት አንቀጽ ጻፉ።