የልብስ ቁጥርና የለባሹ ልክ፤ ከሩቅ ሻጭ በስልክ ስለሚገዛ ልብስ

በጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ወጣት ዛሬ ልብስ ሲያስፈልገው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ስልኩን ይከፍታል። አዲስ አበባ ተቀምጠው በቴሌግራም የሚሸጡ ነጋዴዎች የልብሱን ፎቶግራፍ፣ ዋጋውንና አንድ ቁጥር ወይም ፊደል ያወጣሉ። አንዳንዶቹም ከእያንዳንዱ ዐይነት ያላቸው አንድ ብቻ ስለ ሆነ እንደ ጨረታ አድርገው፣ ብልጫ ዋጋ ለሰጠ ወይም «የእኔ ነው» ብሎ ቀድሞ ለጻፈ ይሸጣሉ። ገዢው ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ይልካል፤ ልብሱም በአውቶቡስ ተጭኖ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይደርሰዋል። ይሁን እንጂ የደረሰው ልብስ ከለባሹ ጋር ሳይስማማ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ለምን እንደሚሆንና እንዴት እንደሚቀንስ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ለዚህ ጥናት ያነሣሣን በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። በምንዘምርበት የመዘምራን ማኅበር ለበዓል አንድ ዐይነት ጥቁር ሱሪ እንዲኖረን ገንዘብ አዋጥተን ነበር። ሻጩ «34 ነው፣ ለረጅም ሰው ይሆናል» ስላለን ዐሥራ አንድ ሱሪ አዘዝን። በደረሰ ጊዜ ወገቡ ለአብዛኞቻችን ሰፊ፣ ቁመቱ ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሆኖ ተገኘ። ቅር መሰኘታችንን ብንጽፍለት «34 ጠየቃችሁ፣ 34 ላክሁ» ሲል መለሰልን። ገንዘቡ ከእናቶች ጭምር የተለቀመ ስለ ነበረ ኀፍረቱ ከኪሳራው ይብስ ነበር። በንዴትም ብዙ ተናገርን፤ ኋላ ነገሩን ስንመረምረው ግን ሰውየው በቁጥሩ እንዳልዋሸ ተረዳን። በሱሪ ላይ 34 ማለት የወገብ ዙሪያ በኢንች ሲሆን፣ ስለ ቁመት ግን አንዳች ነገር አይናገርም።

ነገሩን ከሥሩ ብናየው፣ ጋቢና ነጠላ የሚጠቀለሉ ልብሶች ስለ ሆኑ የለባሹን ልክ አይጠይቁም። ልብስ ሰፊም ቢሆን ሰውየውን ፊት ለፊቱ አቁሞ በሜትር ይለካዋል እንጂ ቁጥሩን አይጠይቀውም። ቁጥር ያስፈለገው ሰፊውና ለባሹ ሳይተያዩ ልብስ በፋብሪካ በብዛት መሠራት ከጀመረ በኋላ ነው። ፋብሪካው የማያውቀውን ሰው በግምት መልበስ ግድ ሆነበት፤ ለግምቱም መሠረት የሚሆን የሰው ልክ መሰብሰብ ነበረበት።

ከታወቁት ሙከራዎች አንዱ የተደረገው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ወደ 15,000 የሚሆኑ ሴቶች ተለኩ፤ ከእያንዳንዷም ላይ 59 ልዩ ልዩ ልኮች ተወሰዱ። ሩት ኦብራየንና ዊልያም ሼልተን ውጤቱን በ1941 አሳተሙ። ለሒሳቡ የተወሰደው ግን የነጮቹ ልክ ብቻ ነበር። ይህንኑ ይዞ በ1958 አንድ ብሔራዊ የልብስ ቁጥር ደረጃ ወጣ። በዚያ ደረጃ ቁጥር 8 የደረት ዙሪያ 31 ኢንች፣ የወገብ ዙሪያ 23 ኢንች ተኩል ነበር። ነጋዴዎች ግን ሴት ደንበኛ ትንሽ ቁጥር ሲበቃት ደስ እንደሚላት ስላወቁ፣ ጨርቁን እያሰፉ ቁጥሩን እንደ ነበረ ተዉት። ደረጃውም በ1983 ተሰረዘ። ዛሬ እዚያው አገር 8 የሚባለው ቀሚስ በ1958 ዓመት 16 ይባል ከነበረው ጋር ይቀራረባል ይባላል። እንግዲህ አንድ አገር በራሱ ውስጥ ያልጠበቀውን ቁጥር ሌላው አገር ይጠብቀዋል ማለት ዘበት ነው።

አገሮችም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንዲት ሴት በአሜሪካ 8፣ በእንግሊዝ 12፣ በጀርመን 38፣ በፈረንሣይ 40፣ በኢጣልያ 44 ትባላለች፤ ገላዋ ግን ያው አንድ ነው። ስለዚህ ሻጩ «12 ነው» ብሎ ቢጽፍ የእንግሊዝ ይሁን የአሜሪካ ካልተናገረ ምንም አልነገረንም፤ የአሜሪካው 12 በእንግሊዝ 16 ይሆናልና። የወንዶች ኮት ትንሽ ይሻላል። በአውሮፓ 50 ማለት የደረት ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ተለክቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ማለት ደረቱ 100 ነው። በእንግሊዝ ደግሞ 40 ማለት ደረቱ 40 ኢንች፣ ይኸውም 101.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 50 እና 40 የተባሉ ሁለት ኮቶች ለአንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከቁጥሩ ብቻ የሚፈርድ ሰው ግን አንደኛውን ለወፍራም፣ ሁለተኛውን ለቀጭን ይሰጣል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን በፊደል የሚነገረው ነው። ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ፣ ኤክስ ኤል ሲባል ሰው ሁሉ የገባው ይመስለዋል። በቻይና ገበያ ኤክስ ኤል የተባለ ሸሚዝ ከአሜሪካው ሚዲየም ጋር ሊተካከል ይችላል። «ፍሪ ሳይዝ» የሚሉትም አለ፤ ይህን እንኳ እኛ ሻጩ ለመለካት ሰንፏል ብለን እንተረጕመዋለን።

እዚህ ላይ የእኛን አካባቢ በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ፋብሪካ ልብስን ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲያሳድግ በብዛት የሚጨምረው ወርዱን ነው። ከሚዲየም ወደ ሁለት ኤክስ ኤል ስንሄድ ደረቱና ወገቡ በየደረጃው ብዙ ይሰፋሉ፤ የሱሪው ቁመት ግን ፈጽሞ ላይጨምር ወይም እጅግ ጥቂት ሊጨምር ይችላል። ይህ አሠራር የተመሠረተው ትልቅ ሰው ማለት ወፍራም ሰው ነው በሚል አሳብ ነው። በኒውላንድ ግን ትልቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ረጅምና ቀጭን ነው። በሰፈሩ በብዛት የሚኖሩት ኑዌሮች ናቸው፤ የኑዌርና የዲንቃ ሕዝቦች ዘመዳሞች መሆናቸውም የታወቀ ነው። ሮበርትስና ቤይንብሪጅ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1953 እና በ1954 በሱዳን የለኳቸው 227 የዲንቃ ሩዌንግ ወንዶች አማካይ ቁመት 181.3 ሴንቲ ሜትር ነበር። የናይል ሕዝቦች ከቁመታቸው ውስጥ እግራቸው የሚይዘው ድርሻ ከሌሎች ሕዝቦች ከፍ ያለ መሆኑም በጥናት ተጽፏል። ይህን ስንል እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ረጅም ነው ማለታችን አይደለም፤ ከእኛ ማኅበር ውስጥ እንኳ ያ ሱሪ በልኩ የሆነለት አንድ ወንድም ነበረ፤ እስከ ዛሬም ይቀለድበታል።

ስለዚህ ረጅም ቀጭን ሰው «ሲያጥረኝ ከፍ ያለ ቁጥር ልውሰድ» ብሎ ቢያስብ ስሕተት ነው። ከፍ ያለው ቁጥር ወገቡን ያሰፋለታል እንጂ እግሩን አይደርስለትም። የሚረዳው ሁለት ቁጥር ያለው ምልክት ነው። በጂንስ ላይ ከሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው የወገብ ዙሪያ፣ ሁለተኛው እግሮቹ ከሚጋጠሙበት ስፌት እስከ ታች ጫፍ ያለው ርዝመት በኢንች ነው። 32 በ34 የተባለው እግሩ 86 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ሲሆን፣ 32 በ30 የተባለው 76 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ነው፤ ሁለቱንም ሻጭ በደፈናው «32» ይላቸዋል። በቻይና ልብስ ላይም ብዙ ጊዜ 180/84 ዐይነት ጽሕፈት ይገኛል። ይህ ልብሱ ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው መሠራቱን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ቁጥር በሱሪ ላይ ወገብ፣ በሸሚዝ ላይ ደረት ነው። ነገር ግን ሻጮች በፎቶግራፍ የሚያሳዩት ፊደሉን እንጂ ይህን አይደለም።

በልባሽ ጨርቅ ላይ ደግሞ ምልክቱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ልብሱ ሊለወጥ ይችላል። ልባሽ ጨርቅ ከውጭ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ሳልባጅ ከየገበያው አልጠፋም፤ በቴሌግራምም ይሸጣል። ጥጥ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ያጥራል፤ የሹራብ አንገት ይለጠጣል፤ የቀድሞው ባለቤት ወገቡን አስጠብቦት ይሆናል። ምልክቱ የተቆረጠ እንደ ሆነ ሻጩ በዐይኑ ገምቶ ቁጥር ይሰጠዋል። አሻንጉሊት ላይ ተጎትቶ ከጀርባው በመርፌ የተያዘ ቀሚስ በፎቶግራፍ ምን ያህል እንደሚያምር መናገር አያስፈልግም።

ሕጉ ምን ይላል ብለንም መርምረናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሚያስረክበው ዕቃ ከውሉ ጋር እንዲስማማ ግዴታ ያደርግበታል፤ ገዢም ዕቃውን እንዳገኘ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። እንግዲህ ዋናው ነገር ውሉ ምን ይላል የሚለው ነው። በውላችን የተጻፈው «34» ብቻ ከሆነ የተላከው 34 ከውሉ ጋር ተስማምቷል። «የእግሩ ርዝመት 87 ሴንቲ ሜትር» ተብሎ ተጽፎ 78 ቢመጣ ግን ክርክሩ በሜትር ይቈረጣል። ሴንቲ ሜትር በቻይናም በኢጣልያም በጋምቤላም አንድ ነው።

የምንለካውም ገላችንን ሳይሆን ደኅና የሚሆነንን ልብስ ነው። ልብስ ከገላ ትርፍ ይፈልጋልና፤ ደረቱ 100 የሆነ ሰው ዙሪያው 100 የሆነ ሸሚዝ ቢገዛ ቁልፉን መቈለፍ አይችልም። የሚስማማንን ሱሪ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን የወገቡን ወርድ፣ የጭኑን ወርድና የእግሩን የውስጥ ርዝመት እንጽፋለን፤ ለሸሚዝ ከብብት እስከ ብብት፣ የእጅጌውንና የጀርባውን ርዝመት። ሻጩም የእርሱን ልብስ በዚያው አኳኋን እንዲለካ እንጠይቃለን። ሁሉ በማይገጥምበት ጊዜ ርዝመቱን ማስቀደም ይገባል። ልብስ ሰፊ ሰፊውን ሊያጠብ ይችላል፤ አጭሩን ለማስረዘም ግን በታችኛው ቅምቅማት ውስጥ ታጥፎ ከቀረው ጨርቅ በላይ የሚያገኝበት የለውም።

የእኛን ሱሪዎች የተመለከተው የሰፈሩ ልብስ ሰፊም የነገረን ይህንኑ ነው። ቅምቅማቱን ፈትቶ ሁለት ጣት ያህል አገኘ፤ ለቀረው ሌላ ጥቁር ጨርቅ ቀጠለበት። የጨርቁ ጥቁረት ከሱሪው ጋር አልገጠመም፤ በዓሉ ግን በማታ ስለ ነበረ ብዙ ሰው አላስተዋለም። በኋላ ለአዲሶቹ መዘምራን ሱሪ ባስፈለገ ጊዜ ለሌላ ሻጭ ጻፍን። «ለመለካት ጊዜ የለኝም» ብላ ነበር፤ «እኅታችን፣ ከጋምቤላ መመለስ አንችልምና እባክሽ ለኪልን» ብለን ደግመን ለመንናት። በማግሥቱ ሜትሩን ከሱሪው እግር ጋር አጋድማ ያነሣችውን ፎቶግራፍ ላከችልን፤ 87 ይላል። ገንዘቡን የላክነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፎቶግራፉም በማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ስልክ ውስጥ ተቀምጧል።