የሕመምተኛ ምሥጢርና የካርዱ አማና በፊቅህ ሚዛን

የሕክምና ምሥጢር በመድረሳዎቻችን ራሱን ችሎ የሚቀራ ርዕስ አይደለም። ይሁንና መሠረቱ በኪታቦቹ ውስጥ ተበትኖ ይገኛል፤ ከፊሉ በወዲዓ (በአደራ) ምዕራፍ፣ ከፊሉ በጊባ (በሐሜት)፣ ከፊሉም በጀናዛ። እነዚህን አያይዞ ማየት ያስፈለገው ጥያቄው ከሐኪም ቤት አልፎ ወደ መስጂድ ስለደረሰ ነው።

የሱረቱ ኒሳእ 58ኛ አንቀጽ አማናን ለባለቤቱ መመለስ ሲያዝ፣ ሙፈሲሮች ትእዛዙን በገንዘብና በዕቃ ብቻ አልወሰኑትም። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሰው ተናግሮ ዞር ዞር ብሎ ከተመለከተ ንግግሩ አማና እንደሚሆን አስተምረዋል። ተናጋሪው «ለማንም እንዳትነግር» አላለም፤ ሁኔታው ብቻ በቂ ሆኗል። ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሕመምተኛማ ዞር ብሎ ማየት እንኳ አያስፈልገውም፤ በሩ የተዘጋው ለዚሁ ነው።

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1993 በብሩናይ ባካሄደው 8ኛ ጉባኤው ይህንኑ በውሳኔ ቁጥር 79 አጽንቷል። በውሳኔው መሠረት ምሥጢር የሚባለው ባለቤቱ በግልጽ ይደበቅልኝ ያለው ብቻ አይደለም፤ በልማድ ሊደበቅ የሚገባው፣ ሰውም እንዲያውቅበት የማይፈልገው ጉድለት ሁሉ ይገባበታል። ያለ በቂ ምክንያት ያወጣው በሸሪዓ ተጠያቂ ነው፤ በሕክምና ሙያ ላይ ያሉት ደግሞ ይበልጡን። ግዴታው ሐኪሙ ዘንድ አይቆምም። የካርድ ክፍል ሠራተኛው፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ ለሕመምተኛው የሚያስተረጉመው ጎረቤት ሁሉም የአንድ አማና ተሸካሚዎች ናቸው።

ካርዱ የማን ነው? በኔ እይታ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ወረቀቱና መዝገቡ የሐኪም ቤቱ ንብረት ነው፤ በውስጡ የተጻፈው ጉዳይ ግን የሕመምተኛው ሲሆን ሐኪም ቤቱ ዘንድ በአደራ ተቀምጧል። ስለዚህ ሕመምተኛው የራሱን ውጤት ማወቅ ሲጠይቅ መንገር ውለታ ሳይሆን አማናን መመለስ ነው። በአገራችን የተለመደው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ከባድ ሕመም ሲገኝ ቤተሰቡ ተጠርቶ ይነገረዋል፣ ባለቤቱ ይደበቃል። ለማዘን የታሰበ ቢሆንም አደራው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ሐኪሙ በአነጋገሩ ይራራ፣ ጊዜም ይምረጥ፤ ቤተሰቡን ማስቀደም ግን ያለ ሕመምተኛው ፈቃድ መሆን የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ መብት ሰጥቶታል።

«ባል ነኝ፣ የሚስቴን ካርድ አሳዩኝ» የሚለውም በዚሁ ይፈታል። ቂዋማ ኃላፊነት እንጂ የሰውን ገመና መክፈቻ ቁልፍ አይደለም። የሕክምናውን ወጪ መክፈሉም ምሥጢሩን አይገዛለትም።

ክልከላው ግን ፍጹም አይደለም። ኢማም ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ጊባ የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ሲዘረዝሩ ሙስሊሞችን ማስጠንቀቅንና ምክር መስጠትን አካተዋል። ማስረጃውም የፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው፤ ሁለት ሰዎች ለጋብቻ በጠየቋት ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የእያንዳንዳቸውን ጉድለት ነግረዋታል። የነገሩት ለጠየቀችው ለራሷ ነው፤ የነገሯትም ጋብቻውን የሚመለከተውን ያህል ነው። የከፋውን ጉዳት ለመከላከል ቀላሉን መሸከም የሚለው ቃዒዳ የሚሠራውም በዚህ ልክ ነው።

ከኒካሕ በፊት የኤች.አይ.ቪ ምርመራ ወረቀት የሚጠይቁ መስጂዶች አሉ። ወረቀቱን የተቀበለ ኢማም ሳያስበው የካርድ ክፍል ሆኗል ማለት ነው። አካዳሚው በዚያው ጉባኤ ባለትዳር በቫይረሱ ከተያዘ ለትዳር ጓደኛው ማሳወቅ እንዳለበት ወስኗል፤ ከጋብቻ በፊትማ ማሳወቁ የበለጠ ይገባል። የሚበጀው ተጋቢዎቹ ውጤታቸውን ሐኪም ቤት አብረው ሰምተው እንዲመጡ ማድረግ ነው፤ ኢማሙ ወረቀቱን ቢያይ እንኳ ማስቀረት አያስፈልገውም። አንደኛው ከደበቀ ኢማሙ መጀመሪያ ራሱ እንዲናገር ያዘዋል፤ እምቢ ካለ ኒካሑን አያስርም፣ የሚነግረውም ለሌላኛው ተጋቢ ብቻ ነው። ለወሊይ፣ ለሽማግሌ፣ ለጀመዓ የሚሰጥ ማብራሪያ የለም። አውቃ የወደደችውን ደግሞ የሚከለክላት የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምሥጢር በማውጣት ከሐኪሞች ጋር የሃይማኖት አገልጋዮችንም ተጠያቂ ማድረጉን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም።

ከጁምዓ በኋላ በድምፅ ማጉያ የሚነገረው የዱዓና የእርዳታ ጥሪም እንደዚሁ ነው። የሕመምተኛው የሕክምና ወረቀት ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ይዞራል፤ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የሕመሙ ዓይነት ሁሉ ይታያል። ሕመምተኛው ፈቅዶ ከሆነ የራሱ ሐቅ ነው። ያልፈቀደ እንደሆነ ግን ኮሚቴው ወረቀቱን አይቶ እውነትነቱን ማረጋገጡ ለጀመዓው በቂ ነው።

ምሥጢር በሞት ያበቃ እንደሆነ የሚጠይቁም አሉ። ለዚህ የጀናዛ ምዕራፍ በቂ መልስ አለው። ሟችን የሚያጥብ ሰው በገላው ላይ ያየውን መጥፎ ነገር እንዲሸሽግ ፉቀሃዎች ግዴታ አድርገውበታል። አካሉን ያየ እንዲህ ከታዘዘ፣ መዝገቡን ያየም በቂያስ ያው ነው። ወራሾች የሟችን ገንዘብ እንጂ ምሥጢሩን አይወርሱም፤ ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ ሆኖ ለልጆቹ ሕክምና ካስፈለገ፣ ለሚያክማቸው ሐኪም የሚያስፈልገው ያህል ይነገራል።