ለቆላ አገር የሚስማማ የሥጋ ከብት ስለ መምረጥና ስለ ማዳቀል

የከብት ንግድ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የቆየ ሥራ ቢሆንም፣ ነጋዴው ከብቱን ከገበያ ገዝቶ ለማድለቢያ ወይም ለቄራ ከማቅረብ በቀር የዘሩን ነገር ለአርቢው ትቶት ኖሯል። አሁን ግን አንዳንድ ነጋዴዎች በቆላው አገር ራሳቸው አርቢዎች ለመሆን በመነሣታቸውና የውጭ አገር ኮርማ ወይም የኮርማ ዘር ለማስመጣት የሚወጣውም ገንዘብ ቀላል ባለመሆኑ፣ ስለ ማዳቀል ጥቂት ማወቅ እንደ ሒሳብ መዝገብ አያያዝ ሁሉ የንግዱ ክፍል ሆኗል።

የአውሮፓ የሥጋ ከብቶች፣ ይኸውም ሄርፎርድ፣ አንገስና ሾርትሆርን የተባሉት፣ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ቀዝቃዛ መስክ የተገኙ ናቸው። ቶሎ ያድጋሉ፤ ቶሎ ይሰባሉ፤ ሥጋቸውም ለስላሳ ነው። ነገር ግን ጠጕራቸው ወፍራም በመሆኑ ሙቀት ሲበረታ መኖ መብላት ትተው በጥላ ሥር ቆመው ያለከልካሉ። መዥገር የሚያስተላልፋቸውን በሽታዎችም አልለመዱም። ስለዚህ ሥዕሉን በመጽሔት አይቶና ክብደቱን በወረቀት አንብቦ ንጹሕ የአውሮፓ ኮርማ ለአዋሽ ወይም ለቦረና ቆላ የሚያስመጣ ሰው ገንዘቡን ለመዥገርና ለፀሐይ እንደ ከፈለ ይቈጠራል።

የቦረና ከብት ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ሻኛው ትልቅ፣ ቆዳው ልልና ሰፊ፣ ጠጕሩ አጭርና የሚያብረቀርቅ በመሆኑ ሙቀትን ከሰውነቱ በቀላሉ ያስወጣል። በበጋ ወራት የቦረና አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ከጥልቅ የውሃ ጕድጓዶቻቸው በየ3 ቀኑ እያጠጡ ረዥም መንገድ ያስኬዷቸዋል፤ ከብቱም ይህን ይችለዋል። የኬንያ አገር ከብት አርቢዎች ይህን ጠባይ ተረድተው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቦረናን ከብት እየገዙ ወደ እርሻቸው ወሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. የቦረና ከብት አርቢዎች ማኅበር አቋቋሙ። እኛ በገበያ በግምት የምንሸጠውን ዘር እነርሱ ትውልዱን በመዝገብ ይዘው ለሌላ አገር እስከ መሸጥ መድረሳቸው ሊያስቀናን የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ የቦረና ከብት ጕድለት የለበትም ማለት አይደለም፤ ጊደሯ ዘግይታ ትወልዳለች፤ ወይፈኑም ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሥጋውም ከአውሮፓው ጠንከር ይላል።

የሁለቱን መልካም ጠባይ በአንድ ከብት ላይ የማዋሐድ አሳብ አዲስ አይደለም። በአሜሪካን አገር በቴክሳስ ግዛት የሚገኘው ኪንግ ራንች የተባለው ታላቅ የከብት እርሻ የሾርትሆርን ከብቶቹ በሙቀትና በመዥገር ቢቸገሩበት፣ ከህንድ ዘር ከመጣው ብራህማን ከተባለው ባለ ሻኛ ከብት ጋር አዳቀላቸው። እ.ኤ.አ. በ1920 ዓ.ም. «መንኪ» የተባለ ቀይ ኮርማ ተወለደ፤ ከእርሱም ልጆች ሳንታ ገርትሩዲስ የተባለው ዘር ወጥቶ በ1940 ዓ.ም. የአሜሪካን መንግሥት ራሱን የቻለ ዘር መሆኑን አወቀለት። ድርሻውም ከ8 እጅ 3ቱ ብራህማን፣ 5ቱ ሾርትሆርን ነው። በደቡብ አፍሪካም ፕሮፌሰር ያን ቦንስማ በማራ የምርምር ጣቢያ ድርሻውን ገልብጠው፣ 5 እጅ የአገሩን አፍሪካነር፣ 3 እጅ የእንግሊዝ ዘር ያለበትን ቦንስማራ የተባለውን ከብት አስገኝተዋል። እንግዲህ ድርሻው እንደ አገሩ ጠባይ የሚወሰን እንጂ ለሁሉ ቦታ አንድ አይደለም።

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው ዋናው ነገር የድቅል ብርታት የሚባለው ነው። ሁለት የተራራቁ ዘሮች በመጀመሪያ ሲገናኙ የሚወለደው ጥጃ ከሁለቱ ወላጆቹ አማካይ ይልቅ በእድገትና በጤና፣ ጊደር ስትሆንም በመውለድ ይበልጣል። ይህን ትርፍ 100 ብንለው፣ እነዚያው ድቅሎች እርስ በርሳቸው ሲዋለዱ በልጆቹ ላይ የሚቀረው 50 ብቻ ነው። ሁለቱን ዘሮች በየትውልዱ እያፈራረቁ የሚያስጠቁ ከ100ው 67 ያህሉን፣ በ3 ዘሮች የሚያፈራርቁ ደግሞ 86 ያህሉን ይይዛሉ። በ3 እና በ5 እጅ የቆመው አዲስ ዘር 47 ያህሉን ይይዛል፤ ይህም ማፈራረቅን የማይጠይቅ በመሆኑ ለሥራ ይቀላል። ስለዚህ ድቅል ኮርማ በርካሽ ገዝቶ በድቅል ላሞች ላይ የሚለቅ ሰው ትርፉን በአንድ ትውልድ ከግማሽ በላይ ወይም በግማሽ ያጣዋል፤ ሻጩ ግን ይህን አይነግረውም።

የአባትና የእናት ምርጫም ሌላ ጉዳይ ነው። የአንገስ ዘር ለቦረና ላም ቢሰጥ ባለ ሻኛይቱ እናት የጥጃውን መጠን በማኅፀኗ ትወስነዋለችና በደኅና ትወልዳለች። ነገሩ ተገልብጦ ባለ ሻኛ ኮርማ የአውሮፓን ላም ሲያጠቃ ግን ጥጃው ከመጠን በላይ ገዝፎ ምጡ ይበረታል። የአውሮፓው ኮርማ ራሱ በቆላ ስለማይኖር ዘሩ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ተጠብቆ ይመጣል። ይህ ሁሉ በከተማ አጠገብ ላለ እርሻ ይመቻል። በሰፊው መስክ ግን የቦረና ላም ፍትወቷ አጭር፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት በመሆኑ ጊዜዋን የሚያውቅ ብልህ እረኛ ከሌለ የመጣው ዘር ሁሉ በከንቱ ይቀራል።

እናት የምትሆነዋን ላም ሲመርጡ ከመልኳ ይልቅ ሥራዋ ይታይ። በየዓመቱ ወይም ለዚያ በቀረበ ጊዜ የምትወልድ፣ ጡቷ ያልተንዘላዘለ፣ ሸኮናዋ ጠንካራ፣ ጠባይዋ ለእረኛ የሚመች፣ መዥገር የማይበዛባት ላም ከገዘፈች ግን ከምትመክን ትሻላለች። ትልቅ ላም ብዙ ትበላለች፤ በድርቅ ጊዜም ቀድማ የምትወድቀው እርሷ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ 5 የዝናም ወቅቶች ተከታትለው ሲጓደሉ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አልቋል፤ ያን ዐይነቱን ዘመን ድርቆሽና ፋጕሎ ሳያከማቹ በድቅል ከብት ለመሻገር ማሰብ ከንቱ ነው። ስለዚህ መኖ በማይጠረጠርበት የማድለቢያ አካባቢ ግማሽ የአውሮፓ ደም ተገቢ ሲሆን፣ በደረቁ መስክ ግን ከሩብ ባያልፍ ይመረጣል።

ላኪዎችም የገዢውን ፍላጎት ቀድመው ይጠይቁ። የዐረብ አገር ገዢዎች የለመዱት ያልተቀጠቀጠውን፣ ጮማ የማይበዛበትን የቦረና ወይፈን ነው። በአዳማ ዙሪያ ያሉት ማድለቢያዎችም ይህንኑ ከብት ገዝተው አድልበው ሲያቀርቡ ቆይተዋል። ሻኛው የጠፋና ስብ የበዛበት ድቅል ለከተማ ሆቴልና ለልኳንዳ ቤት ጥሩ ቢሆንም በወደብ ላይ ዋጋው ሊወድቅ ይችላል።

የመጀመሪያው ትውልድ ድቅል በየጊዜው እንዲገኝ ንጹሕ የቦረና ላም በየጊዜው መኖር አለባት። ሁሉም አርቢ ያለውን ላም ሁሉ ካዳቀለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚዳቀል ንጹሕ ዘር ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ከኬንያ በውጭ ምንዛሪ መግዛት ግድ ይሆናል። ስለዚህ እርሻ የሚያቋቋም ነጋዴ ከላሞቹ ከግማሽ የማያንሱትን በንጹሕ የቦረና ኮርማ እያስጠቃ ለይቶ ያኑር፤ የእያንዳንዷን ቍጥር፣ የወለደችበትን ቀን፣ የጥጃውን አባትና ጡት ሲጥል የነበረውን ክብደት በመዝገብ ያስጽፍ። ኮርማ ወይም የኮርማ ዘር የሚገዛም ሰው ከእንስሳት ጤና የምስክር ወረቀቱ ጋር የትውልድ መዝገቡን ግልባጭ ሳይቀበል ሒሳቡን አይዝጋ።