ፊርማው የሰው፣ ጽሑፉ የማሽን

በጆሃንስበርጉ ሜይፌር ሰፈር የሶማሌና የኢትዮጵያ ስደተኞች ጎን ለጎን ይነግዳሉ። እዚያ ሠርቶ ማደር በወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የጥገኝነት ቃል፣ የሱቅ ኪራይ ውል፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ (ሆም አፌርስ) ውሳኔ። ሲጠየቅ የሚያረቅ፣ የሚተረጉምና የሚያሳጥር አመንጪ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የሰውን ኑሮ የሚነካው በወረቀቱ በኩል ነው። ስለዚህ ደቡብ አፍሪካ ይህን ቴክኖሎጂ በምን ሕግ ታስተዳድረው የሚለው ክርክር ባለአገሩን ያህል ስደተኛውንም ይመለከተዋል።

የመገናኛና ዲጂታል ቴክኖሎጂ መሥሪያ ቤት በነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ይፋ አድርጓል፤ ማዕቀፍ ግን አቅጣጫ ያሳያል እንጂ አይቀጣም። የሚያስገድደው በ2013 ወጥቶ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተቋማትን መጠየቅ የጀመረው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ፖፒያ ነው። ጥበቃው ዜግነት አይጠይቅም። 71ኛው አንቀጽ የሰውን ማንነትና ባሕርይ በኮምፒውተር ብቻ መዝኖ ሕጋዊ ውጤት ያለው ውሳኔ መስጠትን፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ ይከለክላል። ቀዳዳውም እዚሁ ላይ ነው። ማሽኑ የአመልካቹን ቃል ተርጉሞና አሳጥሮ ቢያቀርብ፣ ሠራተኛውም አይቶ ቢፈርም፣ ውሳኔው የሰው ይባላል፤ አንቀጹ አይደርስበትም።

«ሰው ከፈረመ ሰው ይጠየቃል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። በጥር 2025 የፒተርማሪትዝበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማቩንድላ በተባለ ተከራካሪ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ለዚህ መልስ አለው። ጠበቆች ከጠቀሷቸው ዘጠኝ የቀድሞ ፍርዶች ሊገኙ የቻሉት ሁለት ብቻ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ከሌሉት ስለ አንዱ ቻትጂፒቲ የተባለውን አመንጪ ማሽን ቢጠይቅ «አለ» ብሎ አረጋገጠለት። የተማረ ሰው መፈረሙ ሐሰቱን አላስቀረም። ያም ሆኖ የፍርድ ጥቅስ መዝገብ ተገልጦ ይጣራል። በአማርኛ የተሰጠ የስደተኛ ቃል በትርጉም ቢዛባ ግን ስሕተቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም የተጻፈበትን እንግሊዝኛ ላያነብ ይችላል።

ቁጥጥር ቴክኖሎጂውን ያስወድዳል፣ አስተርጓሚ መቅጠር በማይችለው ላይም በር ይዘጋል የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ መከልከል መፍትሔ አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት የ2024 ሕግ የጥገኝነት ማመልከቻ ሲመረመር ባለሥልጣንን የሚያግዙ ሥርዓቶችን ሳይከለክል ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው ጋር መድቧቸዋል፤ ማገዝም እንደ መወሰን ጥንቃቄ ይሻል ማለቱ ነው። ደቡብ አፍሪካም ሦስት ነገር ብትደነግግ ይበቃል፤ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ማሽን ከረዳ ይነገር፣ የአመልካቹ ቃል በራሱ ቋንቋ ተመዝግቦ ይቀመጥ፣ ትርጉሙም ከውሳኔ በፊት በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። የተሳሳተ መረጃን የማሳረም መብት በፖፒያ ውስጥ አለ፤ ስለ ራሱ የተጻፈውን ሳያውቅ የሚያሳርም ሰው ግን የለም።